ባዶውን ግድግዳ ለማየት የተሰለፉ ሰዎች

በ1911 ኦገስት ማብቂያ ላይ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም አንድ ሳምንት ተዘግቶ ሲከፈት፣ በሩ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ሊያይ የመጣው ሥዕል አልነበረም። ሥዕሉ፣ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሞና ሊዛ፣ ተሰርቋል። ሰዉ እየተጋፋ ቀርቦ ያየው የቀረውን ነገር ነው፤ በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለውን ክፍት ቦታና ግድግዳው ላይ የተመቱትን ማንጠልጠያዎች። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ሰሞን ፓሪስን ይጎበኙ የነበሩት ጸሐፊው ፍራንዝ ካፍካና ጓደኛው ማክስ ብሮድም ሳይቀሩ ባዶውን ቦታ ለማየት ሄደዋል። ሥዕሉ ሳለ ያልመጣ ሰው፣ ሥዕሉ ሲጠፋ መጣ።

ሌባው ቪንቼንዞ ፔሩጃ የሚባል ጣሊያናዊ ሠራተኛ ነበር። ቀደም ሲል ለሙዚየሙ ሥዕሎች የመስተዋት መከለያ ሥራ ላይ ስለነበር መግቢያ መውጫውን ያውቃል። ሞና ሊዛን ከግድግዳ አወረደ፣ ከፍሬሟ አላቀቀ፣ ይዟት ወጣ። 77 በ53 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የእንጨት ጣውላ ናት፤ ለአንድ ሰው አትከብድም። ከዚያም ከሁለት ዓመት በላይ በተከራያት ክፍል ውስጥ ሸሸጋት። እሷ ሣጥን ውስጥ በጨለማ ተጋድማ ሳለ ፊቷ ግን ዓለምን ይዞር ነበር። ጋዜጦች በፊት ገጻቸው አተሟት፣ ፖስታ ካርድ ወጣላት፣ ዘፈን ተዘፈነላት። ገጣሚው አፖሊኔር በጥርጣሬ ታሰረ፤ ፒካሶም ለምርመራ ተጠራ። በ1913 ዲሴምበር ፔሩጃ ፍሎረንስ ላይ ለአንድ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ሊያስረክባት ሲሞክር ተያዘ። ከስርቆቱ በፊት ሞና ሊዛ ሠዓሊያንና ጸሐፊያን የሚያደንቋት ሥራ ነበረች፤ ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዘመን በነበረው ግምት ከራፋኤልና ከቲሲያን ሥዕሎች በታች ትቀመጥ ነበር። ከስርቆቱ በኋላ ግን ስለ ሥዕል ደንታ የሌለው ሰው እንኳ ፊቷን ለየ።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ወደ አንድ መደምደሚያ ሊሮጥ ይችላል፤ ዝና ማለት ወሬ ነው፣ ወሬ ያገኘ ሁሉ ይነግሣል ብሎ። እኔ በዚህ አልስማማም። በ2025 ኦክቶበር 19 ከዚያው ሙዚየም ስምንት የነገሥታት ጌጣጌጦች በጠራራ ፀሐይ ተሰረቁ። ወሬው ከ1911ዱ በማይነጻጸር ፍጥነት ዓለምን አዳረሰ፤ የጌጦቹን ፎቶግራፍ ያላወጣ የዜና ማሠራጫ አልነበረም ማለት ይቻላል። እስቲ አሁን ከስምንቱ አንዱን እንኳ በዓይነ ኅሊናችሁ ለመሣል ሞክሩ። ስርቆቱን እናስታውሳለን፣ ዕቃዎቹን ግን አናስታውስም። ያው ሙዚየም ነው፣ ያው ድፍረት ነው፣ ወሬው እንዲያውም በዝቷል፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ነገሩን ለመመርመር ከቃሉ መነሣት ይጠቅማል። ዛሬ በየአፉ ‹አይኮኒክ› የሚባለው፣ በአማርኛ ‹ተምሳሌታዊ› የምንለው ቃል የግሪክ ሥር አለው፤ መነሻው ‹ምስል› ማለት ሲሆን፣ በኋላ የቅዱሳን ሥዕል መጠሪያ ሆነ። የቅዱሳን ሥዕል ደግሞ ከዘመናዊው የጥበብ ገበያ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው። ሠዓሊው የሚደነቀው አዲስ ነገር በመፍጠሩ ሳይሆን የተቀበለውን መልክ ሳይለቅ በመድገሙ ነው። አንዱ ሥዕል ከሌላው ተቀድቶ፣ ያኛውም ከቀደመው ተቀድቶ፣ ምእመኑ በቅጂው ፊት ሲቆም ‹ዋናው የት አለ?› ብሎ አይጠይቅም። መልኩ እስካለ ድረስ ክብሩ አለ። ዛሬ ቲሸርት ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ስልክ ላይ የምናያቸው ተምሳሌታዊ ምስሎች የሚኖሩት በዚሁ ሕግ ይመስለኛል። ተምሳሌት የሚሆን ሥራ በብዙ እጅ እየተደገመ ሳይጠፋ የሚተርፍ ሥራ ነው። ሠዓሊው ይጀምረዋል እንጂ ብቻውን አይጨርሰውም። የሚጨርሱት ቀጂዎች፣ አታሚዎች፣ አሳታሚዎች፣ ወራሾች፣ አንዳንዴም ሌቦች ናቸው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምስክር የሚሆነኝ የሆኩሳይ ማዕበል ነው። በ1831 አካባቢ፣ ጃፓናዊው ካትሱሺካ ሆኩሳይ ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የፉጂን ተራራ ከተለያየ አቅጣጫ ለሚያሳይ ተከታታይ ኅትመት አንድ ንድፍ ሠራ። ግዙፍ ማዕበል ተነሥቶ፣ ጫፉ እንደ ጥፍር ተከፋፍሎ ሊወርድ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ቀዛፊዎች አጎንብሰው የያዟቸው ሦስት ጀልባዎች አሉ፤ ወደ ኋላ ርቆ፣ ከማዕበሉ አንሶ፣ የፉጂ ጫፍ ነጭ ሆኖ ይታያል። አሁን የአሠራሩን ነገር ልብ በሉ። ሆኩሳይ ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ በቀለም ይሥለዋል። ወረቀቱ በግንባሩ ተደፍቶ በቼሪ እንጨት ጣውላ ላይ ይለጠፋል። ቀራጩ መስመሩን ብቻ ትቶ የቀረውን እንጨት ከነወረቀቱ እየፋቀ ያወጣዋል። የሠዓሊው የእጅ ሥራ በዚያው ይጠፋል። ስለዚህ የዓለማችን እጅግ የታወቀ ማዕበል ‹ዋና› የሚባል ሥዕል ኖሮት አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቅጂ ብቻ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ከእነዚያ ጣውላዎች ታትሞ ወጥቷል፤ ቀራጩና ቀለም ቀቢው ስማቸው በወረቀቱ ላይ የለም።

ኅትመቱ በበዛ ቁጥር እንጨቱ ይበላል። ዛሬ በተለያዩ ሙዚየሞች ያሉትን ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ይለያል፤ የሥዕሉ ርእስ የተጻፈበትን ሣጥን የከበበው መስመር በቀደሙት ወረቀቶች ሙሉ ሆኖ፣ በኋለኞቹ እዚህም እዚያም ይቆረጣል። ሰማዩ ላይ የነበረው ስስ ደመናም በብዙዎቹ ላይ ደብዝዞ ጠፍቷል። ማዕበሉ ግን አልተነካም። መስመር እየተሰበረ፣ ቀለም እየለቀቀ፣ ወረቀት ቢጫ እየሆነ መልኩ ቆመ። በ1905 አቀናባሪው ደቡሲ ስለ ባሕር የጻፈው ሙዚቃ ሲታተም በሽፋኑ ላይ ወጣ፤ በ2024 ጁላይ ደግሞ የጃፓን የአንድ ሺህ የን ገንዘብ ጀርባ ላይ ታትሞ ገበያ ገባ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ከቅጂ የተቀዳውን ቅጂ ነው፤ ግን ማዕበሉን አላየንም ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ሞክሩ። እርሳስ ያዙና ማዕበሉን ከትውስታ ሣሉ። ውጤቱ ምንም ያህል ቢያስቀይም አጠገባችሁ ያለው ሰው ምን እንደሆነ ይለየዋል። ቀጥሎ የኤድቫርድ ሙንክን ‹ጩኸት› ሣሉ፤ ረዘም ያለ ፊት፣ የተከፈተ አፍ፣ ጉንጭን የያዙ ሁለት እጆች። ይለያል። አሁን ደግሞ የቬላስኬዝን ‹ላስ ሜኒናስ› ሣሉ። እዚህ ላይ እርሳሱ ይቆማል። ልዕልቷ፣ ደንገጡሮቹ፣ ውሻው፣ መስተዋቱ፣ በር ላይ የቆመው ሰው፣ ራሱ ሠዓሊው፤ አንዱም ቢጎድል ሥዕሉ ሌላ ይሆናል። ለእኔ ‹ላስ ሜኒናስ› ከሦስቱ የሚበልጠው ነው፤ ሠዓሊያንም ለዘመናት ሲመለሱበት ኖረዋል። ግን በሕፃን እጅ ሊደገም አይችልም፤ ስለዚህ በየግድግዳው አላየነውም። ታላቅነትና ተምሳሌትነት ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት ግን አይደለም።

በፊልሙ ዓለም ይህን ከማንም ቀድሞ የተረዳው ቻርሊ ቻፕሊን ይመስለኛል። በ1914 ዓለም ያየው ያ ድሃ ተቅበዝባዥ ሁሉ ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣላ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሱሪው ሰፊ፣ ኮቱ ጠባብ፣ ባርኔጣው ትንሽ፣ ጫማው ትልቅ። ቻፕሊን ራሱ ልብሱን የመረጠው ይህን ግጭት ፈልጎ እንደሆነ በሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፏል። ፊቱን አጥፉትና ጥላውን ብቻ ተዉት፤ አሁንም እሱ ነው። ጥላውንም አጥፉትና ባርኔጣ፣ ጢምና ከዘራ ብቻ አስቀምጡ፤ አሁንም እሱ ነው። ድምፅ በሌለው ፊልም ዘመን፣ ቋንቋ በማይገድበው ተመልካች ፊት፣ ይህ ትልቅ ሀብት ነበር። የሚኪ ማውስ ሦስት ክቦችም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው።

ታዲያ ለመደገም የሚመች ሁሉ ይደገማል? በፍጹም። እዚህ ላይ ዕድል የሚባለው ነገር ይገባል፤ ዕድልን ደግሞ በቁጥር ያሳዩን ሰዎች አሉ። በ2006 ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት ባወጡት ሥራ፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን በኢንተርኔት ሰብስበው የማይታወቁ ቡድኖች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች አሰሟቸው። ተሳታፊዎቹን እርስ በርስ በማይገናኙ ስምንት ‹ዓለማት› ከፈሏቸው፤ በእያንዳንዱ ዓለም ያለ ሰው የሚያየው በራሱ ዓለም ውስጥ እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተወሰደ ብቻ ነው። ከነዚህ ሌላ ቁጥሩን የማያይና ዝም ብሎ በጆሮው የሚመርጥ ቡድን ነበር። ዘፈኖቹ አንድ ዓይነት፣ መነሻውም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አሸናፊዎቹ በየዓለሙ ተለያዩ። በአንዱ ዓለም አንደኛ የወጣ ዘፈን በሌላው 40ኛ ሆነ። ከሁሉ የተሻሉት ዘፈኖች እምብዛም አልወደቁም፣ ከሁሉ የከፉትም እምብዛም አልተሳካላቸውም፤ በመካከል ያለው ሰፊ ክፍል ግን የት እንደሚደርስ ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ይህን ውጤት ባነበብኩ ቁጥር ያላየናቸውና ያልሰማናቸው ሥራዎች ትዝ ይሉኛል። የእኛ ዓለም ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው።

ዕድል ግን ብዙ ጊዜ የሰው መልክ አለው። ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1890 ጁላይ ሲሞት ዝናው ከጥቂት ሠዓሊያንና ሐያስያን ክበብ አላለፈም። የሚደግፈው ወንድሙ ቴዎ በስድስት ወሩ ተከተለው። የቴዎ ባለቤት ዮ ቫን ጎግ-ቦንገር ያን ጊዜ 28 ዓመቷ ነበር፤ ትዳሯ ሁለት ዓመት አልሞላም፣ እቅፏ ላይ ዓመት ያልሞላው ልጅ አለ፣ ቤቷ ደግሞ ገዢ ባልነበራቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎችና ንድፎች ተሞልቷል። ከዚያም የብዙ ደብዳቤዎች ክምር። ሥዕሎቹን አስወግጃቸው ብለው የመከሯት ነበሩ። እሷ ወደ ኔዘርላንድስ ተመልሳ በቡሱም ከተማ እንግዶችን የምታሳድርበት ቤት ከፈተች፤ ሥዕሎቹንም ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው። ከዚያ የተከተለው የአንድ ቀን ጀብዱ ሳይሆን የሠላሳ ዓመት ሥራ ነው። ለሐያስያን ጻፈች፣ ለዐውደ ርእይ አዋሰች፣ አንዱን ሸጣ ሌላውን ያዘች፣ የትኛው ከየትኛው ጎን ይሰቀል ብላ ተጨነቀች። በ1905 አምስተርዳም ውስጥ ከ400 በላይ ሥራዎች የታዩበትን ዐውደ ርእይ አዘጋጀች። በ1914 ቪንሰንት ለወንድሙ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አሳተመች፤ በዚያው ዓመት የባሏን አፅም አስወጥታ ፈረንሳይ ውስጥ ከወንድሙ መቃብር ጎን አሳረፈችው።

ደብዳቤዎቹ የሠሩትን ሥራ አቃልሎ ማየት አይገባም። ሰዉ ከዚያ በኋላ ቢጫውን የሱፍ አበባ ሲያይ ከአበባው ጀርባ አንድ ሰው ያያል፤ የሚራብ፣ የሚያምን፣ ለወንድሙ የሚጽፍ ሰው። ሥዕሉና የሠዓሊው ሕይወት ተጣብቀው ቀሩ። በ1924 የለንደኑ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም የሱፍ አበባዎቹን አጥብቆ ሲጠይቃት ለረጅም ጊዜ እምቢ ብላ ነበር፤ ልትለያቸው አልቻለችም። በመጨረሻ ስትስማማ ይህን መሥዋዕትነት የምከፍለው ለቪንሰንት ክብር ስል ነው ብላ ጻፈች። በዓመቱ አረፈች። ‹ስም ከመቃብር በላይ ይውላል› እንላለን፤ ስሙን ከመቃብር በላይ የሚያውለው ሰው ማን እንደሆነ ግን እምብዛም አንጠይቅም። የቫን ጎግን ታሪክ ‹ዓለም ዘግይቶ የተረዳው ሊቅ› ብለው የሚጨርሱት ሁሉ ዮን ይዘሏታል፤ ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል። ዓለም በራሱ ጊዜ አልነቃም፤ አንዲት ሴት ሠላሳ ዓመት ስታንኳኳ ኖራ ቀሰቀሰችው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ፤ ማንም ሳይጠብቀው፣ ባለቤቱም ሳይቆጣጠረው የነገሠ ምስል። በ1960 ማርች 5 ሃቫና ውስጥ፣ በወደብ ላይ በደረሰ የመርከብ ፍንዳታ ለሞቱ ሰዎች የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ይካሄድ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው አልቤርቶ ኮርዳ ለጋዜጣ ሥራ ተገኝቷል። ቼ ጉቬራ ለጥቂት ሰከንዶች ወደ መድረኩ ጫፍ ወጣ ብሎ ሕዝቡን ተመለከተ፤ ኮርዳ ሁለት ጊዜ አነሣውና ቼ ተመልሶ ገባ። በማግስቱ ጋዜጣው ሌሎች ፎቶግራፎችን መርጦ ይህን ተወው። ኔጋቲቩን ሙሉውን ስናየው ተራ የዜና ፎቶግራፍ ነው፤ በአንድ በኩል የአንድ ሌላ ሰው የጎን መልክ፣ በሌላው በኩል የዘንባባ ቅጠል አለበት። ኮርዳ ሁለቱንም ቆርጦ አወጣ። የቀረው ፊት ብቻ ነው፤ ከየት እንደሚያይ፣ ማንን እንደሚያይ የማይታወቅ፣ ቦታና ጊዜ የሌለው ፊት። እንደ ቅዱሳን ሥዕል።

ፎቶግራፉ ለዓመታት ኮርዳ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ። በ1967 ጣሊያናዊው አሳታሚ ፌልትሪኔሊ መጥቶ ሲጠይቀው ቅጂውን ያለ ክፍያ ሰጠው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ቼ ቦሊቪያ ውስጥ ተገደለ፤ ፖስተሩ አውሮፓን አጥለቀለቀ። በ1968 የአየርላንዱ ሠዓሊ ጂም ፊትዝፓትሪክ ፊቱን በጥቁርና በቀይ መልሶ ሣለው፤ የፈለገ ሁሉ እንዲያባዛውም ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ግራጫ ጥላ የለውም፤ ጥቁር አለ፣ ባዶ አለ። በስቴንስል ቆርጦ በአንድ ሌሊት ግድግዳ ላይ መርጨት የሚቻል ሆነ። ኮርዳ ከዚህ ሁሉ የሮያሊቲ ገንዘብ አላገኘም፤ አልጠየቀምም። አንድ ጊዜ ግን ተቆጣ፤ በ2000 ምስሉ ለቮድካ ማስታወቂያ ሲውል ከሰሰ፣ በስምምነት 50 ሺህ ዶላር ተከፈለው፣ ገንዘቡንም ለኩባ የሕክምና አገልግሎት ሰጠው።

በነፃ የተለቀቀ ነገር ሩቅ ይሄዳል። በ1958 እንግሊዛዊው ጄራልድ ሆልተም የኑክሌር መሣሪያን ለሚቃወም ሰልፍ የሠራው የሰላም ምልክት፣ ክብና ሦስት መስመር፣ የባለቤትነት መብት አልተጠየቀበትም፤ ዛሬ የየትኛው ሰልፍ እንደነበር የማያውቀው ሁሉ ይሥለዋል። በ1963 ሃርቪ ቦል ለአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ሠራተኞች መንፈስ ማነቃቂያ ብሎ በ45 ዶላር የሣለው ቢጫ የፈገግታ ፊትም እንዲሁ። በ1946 የወጣው የፍራንክ ካፕራ የገና ፊልም ወጪውን እንኳ አልመለሰም ነበር፤ በ1974 የቅጂ መብቱ ሳይታደስ በስሕተት ሲቀር የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ደጋግመው ማሳየት ጀመሩ፤ ድግግሞሹም የበዓል ወግ አደረገው። ሥራቸውን በጠበቃ አጥረው ያስቀመጡ ብዙ ባለመብቶች አንድ ቀን ማንም የማይቀዳው፣ ስለዚህም ማንም የማያስታውሰው ንብረት ይዘው ይቀራሉ የሚል ፍርሃት አለኝ። ይህን ስል የኮርዳን ድካም መና መቅረት ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፤ ሠሪው ሳይበላ ምስሉ ዓለምን መብላቱ እስከ ዛሬ ያልተፈታ በደል ነው።

መደጋገም ራሱ ግን መውደድን ይወልዳል ወይ? ሥነ ልቦና ባለሙያው ሮበርት ዛየንስ በ1968 ሰዎች ደጋግመው ያዩትን ነገር፣ ስለ ነገሩ ምንም ባያውቁም እንኳ፣ እየወደዱት እንደሚሄዱ አሳይቶ ነበር። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጀምስ ከቲንግ ይህን ወደ ሥዕል አመጣው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የታተሙትን የኢምፕሬሽኒስት ሥዕሎች ብዙም ካልታተሙት እንደሚያስበልጡ ተመለከተ፤ ከዚያም በሌላ ክፍል፣ በየትምህርቱ መካከል፣ ምንም ማብራሪያ ሳይሰጥ ያልታወቁትን ሥዕሎች ደጋግሞ ለጥቂት ሰከንድ አሳየ። በሴሚስተሩ መጨረሻ የታወቁት ሥዕሎች ብልጫ ጠፋ። ይህ ውጤት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጥበብ የልማድ ጉዳይ ነው ብለን እጃችንን በሰበሰብን ነበር። ግን በ2013 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ በሁለት ዓይነት ሠዓሊ ደገሙት፤ በአንድ በኩል የተከበረው የ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ ሠዓሊ ጆን ኤቨረት ሚሌ፣ በሌላው በኩል ሐያስያን የሚንቁት፣ በጣፋጭ ቀለሙ በገበያ የተሳካለት ቶማስ ኪንኬድ። ኪንኬድን ደጋግመው ያዩት ተማሪዎች ውዴታቸው ቀነሰ። የሚሌ ሥዕሎች እንዲያ አልደረሰባቸውም። እኔ ከዚህ የምረዳው መደጋገም ፍቅርን ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን ሥራውን የሚፈትንም እንደሆነ ነው። ባዶ የሆነ ነገር ሲደጋገም ባዶነቱ ይወጣል።

ያ የሚተርፈው ነገር ምን ይሆን ብዬ ሳስብ ወደ ‹ጩኸት› እመለሳለሁ። ብዙ ሰው የሚጮኸው ፊቱ የሚታየው ሰው ይመስለዋል። ሙንክ የገለጸው ግን ሌላ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በመንገድ ሲሄድ በተፈጥሮ ውስጥ የሚያልፍ ማለቂያ የሌለው ጩኸት ተሰማው። በሥዕሉ ያለው ፍጡር ጆሮውን የሚደፍነው ለዚህ ነው። ፊቱ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን ወጣት አይለይም፤ ሙንክ ሁሉንም መለያ አውጥቶ ጣለው። በዚያ ባዶ ፊት ላይ የየዘመኑ ሰው የራሱን ጭንቀት አሳረፈ፤ ጦርነትን፣ ብቸኝነትን፣ የኑክሌር ፍርሃትን፣ ወረርሽኝን። የሞና ሊዛ ፈገግታም ለዚሁ የተመቸ ነው፤ ሊዮናርዶ የአፏንና የዓይኗን ጠርዝ በጥላ ስላደበዘዘው ሐዘን ያለበት ሰው ሐዘን፣ ደስታ ያለበት ደስታ ያነብባል። የቼ ዓይኖችም ወዴት እንደሚያዩ አይታወቅም። ተምሳሌት የሚሆነው ምስል መልኩ ግልጽ፣ ትርጉሙ ግን ክፍት ነው፤ ሁለቱ ባንድነት ሲገኙ ማንም ሰው ምስሉን ወስዶ የራሱ ማድረግ ይችላል። ጌጣጌጦቹ ያልነበራቸው ይህንን ነው። አልማዝ ላይ ማንም የራሱን ፊት አያይም።

ዛሬ ይህ አካሄድ እየተለወጠ ነው፤ ለዚህም ነው ጥያቄው አሁን አንገብጋቢ የሚሆነው። አንድ ምስል በስልክ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ የሚደገምበት ብዛት ሆኩሳይ በዕድሜ ዘመኑ ካየው ሁሉ ይበልጣል፤ በሳምንቱ ግን ይረሳል። የቼ ምስል በግድግዳ ላይ ሰባት ዓመት ቆየ፤ የዮ ሥራ ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ በዚህ መካከል ምስሉ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲተላለፍ እያንዳንዱ የሆነ ነገር ቆርጧል፣ ጨምሯል፣ ቀይሯል። አንድ አዝራር ተጭኖ ማጋራት ግን እጅን አያደክምም፤ ስለዚህ አሻራም አይተውም። ሰው ሠራሽ የማሰብ ችሎታ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አምጥቷል። በ2025 ማርች መጨረሻ ሰዎች የቤተሰብ ፎቶግራፋቸውን የጃፓኑ ጊብሊ ስቱዲዮ አኒሜሽን አስመስሎ የሚሠራላቸው መሣሪያ አግኝተው የማኅበራዊ ገጾችን አጥለቀለቁ። ሠዓሊያን ከ1985 ጀምሮ በእጃቸው እየሣሉ ያዳበሩት የአሣሣል ስልት፣ እነሱ ሳይጠየቁ፣ በሰከንዶች ተባዛ። እዚህ የተደገመው አንድ ሥራ ሳይሆን የእጅ አጣጣል ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚማሩት ከዚህ በፊት በብዛት ከታየው ምስል ነው፤ ብዙ የተደገመውን መልሰው ይደግሙታል፣ ያልታየውን ይበልጥ ይሸሽጉታል። ከስምንቱ ዓለማት የሰባቱ አሸናፊዎች በዚህ መንገድ ጨርሶ የሚጠፉበት ጊዜ እንዳይመጣ እሰጋለሁ።

በ1990 ማርች ቦስተን ከሚገኘው የኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም 13 ሥራዎች ተሰረቁ፤ የሬምብራንትና የቬርሜር ሥዕሎች ይገኙባቸዋል። እስከ ዛሬ አልተገኙም። ሙዚየሙ ባዶ ፍሬሞችን በቦታቸው ሰቅሎ ትቷቸዋል፤ ጎብኚዎችም እንደ 1911ዱ ሰልፈኞች ባዶውን ለማየት ይቆማሉ።

ሞና ሊዛ ራሷ ዛሬ ጥይት በማይበሳው መስተዋት ውስጥ፣ በሉቭር ትልቁ አዳራሽ በአንዱ ግድግዳ ላይ ትገኛለች። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየቀኑ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ ብዙው ሰው ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን ከእሷ ጋር ያነሣል። ፊት ለፊቷ ባለው ግድግዳ ላይ የቬሮኔዜ ‹የቃና ሠርግ› ተሰቅሏል። ቁመቱ ወደ ሰባት ሜትር፣ ወርዱ ወደ አሥር ሜትር ነው፤ በሉቭር ካሉት ሥዕሎች በስፋት የሚወዳደረው የለም። ከመቶ በላይ ሰዎች አሉበት፤ ሙዚቀኞች፣ አገልጋዮች፣ ውሾች፣ በመካከል ክርስቶስ፣ ከበላዩም በሰገነቱ ላይ ሥጋ የሚቆርጥ ሰው። በሦስት መስመር ሊሣል አይችልም። ሞና ሊዛን ከነራሱ ያነሣ ሰው ፎቶግራፉን ለማየት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ወደ መውጫው ሲያመራ፣ ያ ሁሉ የሠርግ ሰው ከጀርባው ይቀራል።